ከሲግድ እስከ ጽፋት፦ የኅዳር 2012 ዓ.ም. የጉዞ ማስታወሻ

ወደ እስራኤል የሄድኩት በልጅነት ጓደኛዬ ውትወታ ነው። ጎንደር ወለቃ አብረን አደግን፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ውስጥ በአውሮፕላን ሲጓዙ እሱም ከእናቱ ጋር ሄደ። ከዚያ ወዲህ በስልክ ካልሆነ በቀር ሳንገናኝ ብንኖርም በየዓመቱ «ለሲግድ ና» (ሲግድ የቤተ እስራኤላውያን የጾምና የጸሎት በዓል ነው) ማለቱን አላቋረጠም። እኔም የራሴ ጉጉት ነበረኝ። በአዲስ አበባ በአንድ ጤና ጣቢያ በነርስነት ስለምሠራ እንቅልፍ የራቃቸው፣ ልባቸው የሚመታባቸው፣ ያለ ምክንያት ሆዳቸው ባር ባር የሚላቸው ሰዎች የማያጋጥሙኝ ቀን የለም። እነዚህን ሰዎች ኪኒን ብቻ እንደማያሽራቸው፣ «ጸልዩ» ብሎ መሸኘትም እንደማይበቃ ሥራዬ አሳይቶኛል። በጥድፊያ በሚኖር አገር ውስጥ ጥንታዊ ሃይማኖታቸውን የያዙ ሰዎች የዕለት ጭንቀታቸውን በምን እንደሚያስታግሱት በዓይኔ ማየት ፈለግኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፤ ኢየሩሳሌም

አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ አራት ሰዓት ያህል በሮ ሊነጋጋ ሲል ቤን ጉርዮን አረፈ። ከአየር ማረፊያው ተነሥቶ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣው ፈጣን ባቡር ያኔ ሥራ ከጀመረ ገና አንድ ዓመት ከመንፈቅ አልሞላውም ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቢያደርሰኝም ከጣቢያው ወጥቶ ሰማይ ማየት ግን ራሱን የቻለ ጉዞ ሆነብኝ፤ ጣቢያው ከመሬት በታች 80 ሜትር ያህል የተቆፈረ ስለሆነ በተንቀሳቃሹ ደረጃ ላይ ቆሞ ዳዊት መድገም ይቻላል። ፊት ለፊቴ የቆመው ጥቁር ኮት የለበሰ ጎልማሳም የኪስ መጽሐፉን ገልጦ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ በእርግጥ መዝሙረ ዳዊት ይደግም ነበር።

ያረፍኩት በኢትዮጵያ ጎዳና አቅራቢያ በሚገኝ አነስተኛ ሆቴል ነው። ክብ ሆኖ የተሠራው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያናችን እዚያው ጎዳና ላይ ነው፤ ከእሱ ጥቂት እርምጃ ሲወርዱ ሜአ ሸዓሪም የሚባለው የጥብቅ አይሁዶች ሰፈር ይጀምራል። ክፍሉ ለአንድ ሌሊት 250 ሼቅል አስከፈለኝ። ያኔ አንዱ ሼቅል ወደ ዘጠኝ ብር ይመነዘር ስለነበር ሒሳቡን አንዴ ሠርቼ ሁለተኛ ላለመሥራት ወሰንኩ። የከተማው ባቡር ግን ያኔ 5.90 ሼቅል ብቻ ነበር።

ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር ምግብ ያስቸግረኛል ብዬ ሰግቼ ነበር። ይሁን እንጂ አይሁዶች ሥጋና ወተት ስለማይቀላቅሉ፣ የታሸገ ምግብ ሁሉ ማለት ይቻላል የሥጋ፣ የወተት ወይም «ፓርቬ»፣ ማለትም ከሁለቱም ነጻ መሆኑ ተጽፎበት ይሸጣል። ዓሣና እንቁላል ከፓርቬ ስለሚቆጠሩ ጠይቆ መግዛት ያስፈልጋል እንጂ ለጾመኛ ከዚህ የተመቸ አገር አላየሁም። በ25 ሼቅል ሽምብራ በሰሊጥ የተለወሰበት ሑሙስ ከትኩስ ቂጣ ጋር በላሁ።

በዚያው ምግብ ቤት፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ፣ በመስታወት የተሸፈነ ጸሎት ተሰቅሎ አየሁ። ባለቤቱን ስጠይቀው፣ አይሁዳዊ ከመጸዳጃ ቤት በወጣ ቁጥር እጁን ታጥቦ የሚያደርሰው ምስጋና መሆኑን በእንግሊዝኛ አስረዳኝ። ሰውን በጥበብ ፈጥሮ፣ በውስጡ ቀዳዳዎችንና ባዶ ቦታዎችን ያበጀለትን አምላክ ያመሰግናል፤ ከእነዚህ አንዱ ቢደፈን ወይም አንዱ ያለ ቦታው ቢከፈት አንዲት ሰዓት እንኳ መቆም እንደማይቻል ያስታውሳል። ሽንታቸው ተዘግቶ በሌሊት ተሸክመዋቸው የመጡ ሽማግሌዎች በቱቦ ሲተነፍስላቸው ምን ዓይነት ምርቃት እንደሚያወርዱ ስለማውቅ፣ ይህ ጸሎት ከብዙ ረጃጅም ስብከቶች ይልቅ ልቤን ነካው። ሰው ሲነቃ፣ እንጀራ ሲቆርስ፣ መብረቅ ሲያይ፣ አዲስ ልብስ ሲለብስ ሁሉ የየራሱ ምስጋና አለው፤ በታልሙድ፣ ማለትም በጥንቱ የአይሁድ መምህራን የሕግና የትምህርት መጽሐፍ፣ ረቢ ሜኢር ሰው በቀን መቶ ምስጋና ማድረስ አለበት ብለው አስተምረዋል።

ማምሻውን ወደ ማዕከላዊው አውቶቡስ ጣቢያ በሚወስደው መንገድ ላይ የትራፊክ መብራቱ ቀይ ሲሆን አንድ ነጭ ሚኒባስ ቆመ። ከጣሪያው ላይ ካለው ድምፅ ማጉያ ጆሮ የሚያደነቁር ሙዚቃ እየፈነዳ፣ ትልልቅ ነጭ የክር ቆብ ያደረጉ ወጣቶች ከውስጡ ዘልለው ወርደው በመኪኖች መካከል መጨፈር ጀመሩ። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን እንደ ገና ተሳፍረው ሄዱ። እ.ኤ.አ. ከ1772 እስከ 1810 በዩክሬን ምድር የኖሩት የረቢ ናሕማን ዘብሬስሎቭ ተከታዮች መሆናቸውን ኋላ ተረዳሁ፤ ረቢው ሁልጊዜ በደስታ መኖር ታላቅ ትእዛዝ ነው ብለው ያስተማሩ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት አልጣመኝም። በቀይ መብራት የሚበራ፣ በአረንጓዴ የሚጠፋ ደስታ ለታመመ ሰው ምን ይፈይዳል ብዬ አለፍኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17፤ ሲግድ በአርሞን ሃናትዚቭ

ሲግድ ከማስተስረያ ቀን በኋላ በሃምሳኛው ቀን ይውላል። የእስራኤል ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ብሔራዊ በዓል አድርጎ ከደነገገው ወዲህ ከየከተማው አውቶቡሶች ሕዝቡን ጭነው፣ አሮጌዋን ከተማ ከሩቅ ወደምታሳየው የአርሞን ሃናትዚቭ መናፈሻ ያመጡታል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ስደርስ ኮረብታው በነጠላ ነጭ ሆኖ ነበር። ጓደኛዬን ካየሁት 28 ዓመት አልፎኛል፤ እሱ ከሕዝቡ መካከል ለየኝ እንጂ እኔ ብቻዬን አላገኘውም ነበር። እናቱ፣ ዛሬም ድረስ እማማ የምላቸው፣ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላብጠው ከሳሙኝ በኋላ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ እናቴ ነበር። እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመት እንደሆናት ስነግራቸው እዚያው ቆመው፣ በሕዝቡ መካከል፣ ስሟን እየጠሩ አለቀሱላት።

ቄሶቹ ዘርፍ ባላቸው ባለ ቀለም ጃንጥላዎች ታጅበው ኦሪቱን ይዘው ወጡ። ንባቡ በግእዝ ነው፤ የቄስ ትምህርት ቤት ዕድሜዬ ረድቶኝ ግማሹን ያህል ተከታተልኩት። ሕጉ በሲና የተሰጠበት ምዕራፍ ይነበባል፤ ነህምያም ይነበባል፤ ከምርኮ የተመለሰው ሕዝብ ጾሞና ማቅ ለብሶ የራሱንና የአባቶቹን ኃጢአት የተናዘዘበት ክፍል። ከዚያ በአማርኛና በትግርኛ ይተረጎማል፤ ሕዝቡም እጁን ዘርግቶ ይሰግዳል። እማማ በልጅነታቸው ወደ አምቦበር ተራራ ሲወጡ ድንጋይ በራሳቸው ተሸክመው እንደነበር፣ ከበዓሉ በፊትም የተጣላ ሁሉ ታርቆ መውጣት እንዳለበት አጫወቱኝ። «ዛሬ መንገዱ አስፋልት ነው፤ ድንጋዩን በሆዳችን ይዘነው ነው የምንመጣው» አሉ።

የባለሥልጣናቱ ንግግር ከሚገባው በላይ ረዘመ። ወጣቶቹ ብዙዎቹ በዳር በዳር ተሰብስበው ይጨዋወታሉ፤ ጠዋት በጸሎቱ ያልነበሩ ከሰዓት በኋላ ለዘፈኑ የሚመጡም አሉ፤ አዛውንቱም ይህን እያዩ ያጉረመርማሉ። እኔን የያዘኝ ግን የእማማ አኳኋን ነው። ጾሙ እስኪፈታ ድረስ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተንሰቅስቀው አለቀሱ፤ ቄሶቹ የባረኩት ዳቦ ሲታደል ግን ዓይናቸውን ጠርገው፣ ቁራሹን ለእኔ ጭምር ቆርሰው፣ ከጎረቤት ሴቶች ጋር እልልታውን አቀለጡት። ልጃቸው መገረሜን አይቶ «የእናቴ ለቅሶ እስከ ዳቦው ነው» አለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18፤ የሔርዝል ተራራና ምዕራባዊው ግንብ

እማማ ያደሩት በኢየሩሳሌም ዘመድ ቤት ስለነበር ጠዋት በባቡር ወደ ሔርዝል ተራራ አብረን ሄድን። እዚያ በሱዳን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ በመንገድና በመጠለያ ላለቁት ቤተ እስራኤላውያን የተሠራ መታሰቢያ አለ። ቁጥራቸው 4,000 ያህል ይገመታል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1984 ተጀምሮ በጥር 1985 በተቋረጠው ዘመቻ ሙሴ ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች ሲደርሱ፣ የእማማ ታናሽ ወንድም ግን ከእነሱ መካከል አልነበረም፤ ኡም ራኩባ በሚባለው መጠለያ በሽታ ጣለው። መርዶው ወለቃ ሲደርስ ከአገር መውጣት በደርግ ዘመን ወንጀል ነበርና፣ ሰባቱን ቀን ተቀምጠው፣ ሙሾ አውርደው ሊያለቅሱለት አልቻሉም፤ ማታ ማታ በር ዘግተው፣ ትራስ ነክሰው አለቀሱ። «እሱ ኀዘን አልወጣልኝም፤ ቀኑን ስላላገኘ ዞሮ ዞሮ ይመጣል» አሉኝ። ከመሬት ትንሽ ጠጠር አንሥተው፣ አይሁዶች በመቃብር ላይ እንደሚያደርጉት፣ በመታሰቢያው ላይ አስቀመጡ። ከሥራዬ የማውቀው ነገር ነው፤ ሳይለቀስለት የቀረ ሰው ከዓመታት በኋላ በራስ ምታትና በእንቅልፍ ማጣት ተመስሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣል።

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ወደ ምዕራባዊው ግንብ፣ ከጥንቱ ቤተ መቅደስ ቅጥር ወደቀረው የአይሁዶች የጸሎት ቦታ፣ ወረድኩ። ሐሙስ ኦሪት በአደባባይ ከሚነበብባቸው ቀናት አንዱ በመሆኑ የ13 ዓመት ልጆች ለአቅመ ትእዛዝ የሚበቁበት ድግስ በከበሮና በከረሜላ ውርወራ እየታጀበ ከጠዋት ጀምሮ ይደምቅ ነበር። ሰው ልመናውን በወረቀት ጽፎ በድንጋዮቹ ስንጥቅ ይወሽቃል፤ ወረቀቶቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ተለቅመው በደብረ ዘይት ተራራ ይቀበራሉ። የሴቶቹ ክፍል ከወንዶቹ በጣም ጠባብ መሆኑ አላስደሰተኝም።

ዓርብና ቅዳሜ፣ ኅዳር 19 እና 20፤ ናታንያ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሕዝብ ማመላለሻ ስለሚቆም ማዕከላዊው ጣቢያ ከጠዋት ጀምሮ የገና ዋዜማ ገበያ ይመስላል። የልብስ ከረጢትና ጠብመንጃ የተሸከሙ ወታደሮች፣ አበባ የያዙ ሽማግሌዎች፣ የዳቦ ሽታ። የመጀመሪያው አውቶቡስ ሞልቶ ጥሎኝ ሄደ፤ ሁለተኛው ደግሞ መንገድ ተዘጋግቶ ተንቀረፈፈ። ጓደኛዬ በየሩብ ሰዓቱ እየደወለ «የት ደረስክ? ሰንበት ሳይገባ!» ይለኝ ነበር። የሻማው መብሪያ ከቀኑ 10 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፤ እኔ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ።

ናታንያ ያለው የጓደኛዬ ቤተሰብ አፓርታማ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ የነበረው ጥድፊያ መቼም አይረሳኝም፦ የጓደኛዬ ሚስት ድስቶቹን ሰንበት እስኪወጣ ሳይጠፋ በሚቆየው የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ትደረድራለች፤ ውኃው ፈልቶ በትልቅ ፔርሙዝ ይቀመጣል፤ የ16 ዓመቷ ልጅ አንድ መልእክት ለመጨረስ ስትል ስልኳን የሙጥኝ ትላለች። እማማ ይህን ሁሉ እያዩ ይስቃሉ። በወለቃ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ይጠፋ፣ ሰንበትን ያደረ ቀዝቃዛ ምግብ በልተን እንውል ነበር፤ ሻማ ማብራትንም እዚህ መጥተን ነው የተማርነው ይላሉ። ሰዓቱ ሲደርስ ስልኮቹ ሁሉ፣ የእኔም ጭምር፣ የወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ገቡ። የቤቱ እመቤት ሻማዎቹን ለኩሳ፣ ዓይኗን በመዳፎቿ ሸፍና ለረጅም ጊዜ ቆመች። የዕለቱ ግርግር ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆመ።

ጓደኛዬ ጥብቅ ሃይማኖተኛ አይደለም፤ በመጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል፣ አንዳንድ ቅዳሜ ባሕር ዳር ይሄዳል፣ ምኩራብም በበዓል ካልሆነ አይዘወትርም። ያን ዕለት ግን ለእኔ ሲል ወሰደኝ። በጸሎቱ ውስጥ ሰንበትን እንደ ሙሽራ የሚቀበል መዝሙር ይዘመራል፤ በመጨረሻው አንጓ ላይ ሁሉም ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ እጅ ይነሣል። ከምኩራብ እንደ ተመለስን፣ ከማዕዱ በፊት፣ ወላጆች ልጆቻቸውን የሚባርኩበት ሥርዓት መጣ። መጀመሪያ ጓደኛዬ በእናቱ ፊት ጎንበስ አለ። ያ ፀጉሩ የሸበተ ትልቅ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ እማማ ሁለት እጃቸውን ጭነውበት፣ «እግዚአብሔር እንደ ኤፍሬምና እንደ ምናሴ ያድርግህ» ብለው በዕብራይስጥ ጀምረው፣ ቀሪውን በአማርኛ ምርቃት አወረዱት። ቀጥሎ እሱ ልጁን ጠራት። አባትና ልጅ ከቀን በፊት በትምህርት ቤት ውጤት ተጣልተው እንዳልተነጋገሩ ሚስቱ ነግራኝ ነበር። ልጅቱ ዓይኗን አንከባልላ፣ እግሯን እየጎተተች መጣች፤ እጁ ራሷ ላይ ሲያርፍ ግን ትከሻዋ ዝቅ አለ፤ «እንደ ሣራ፣ እንደ ርብቃ፣ እንደ ራሔልና እንደ ልያ» ሲል ግንባሯን ደረቱ ላይ አሳረፈች። ይቅርታ የጠየቀ የለም። ከዚያ ሁለቱ ሙሉ ድፎ ዳቦዎች ተባርከው ተቆረሱ፣ ማዕዱ ቀረበ፤ ለእነሱ ዶሮ፣ ለእኔ ምስር፣ ጎመንና ሽሮ። እንጀራው እዚያው ናታንያ የተጋገረ ነው፤ ከጤፍም ሌላ ዱቄት ያለበት ይመስለኛል፣ ቢሆንም ዓይኑ ደህና ነው።

ሰንበት ቀን የሚሠራ ነገር የለም፤ ይህንንም ለመልመድ ጊዜ ወሰደብኝ። እስከ ረፋድ ድረስ እጄ ባዶ ኪሴን ይዳብስ ነበር። ከምሳ በኋላ ሁሉም ተኛ። ስነቃ የጓደኛዬ እኅት መጥታ አገኘኋት፤ በማኅበራዊ ሠራተኛነት ከስደተኛ ቤተሰቦች ጋር ስለምትሠራ የሙያ ወሬ ያዝን። አዛውንቶቹ «ልቤን ያዘኝ» ወይም «ሆዴን» እያሉ ወደ ሐኪም ይሄዳሉ፤ ምርመራው ምንም አያሳይም፤ ውስጡ ሲገለጥ የሱዳን መንገድ ነው፤ በቆዳው ቀለም በሥራና በሠፈር የተገፋው ወጣት ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» የሚለውን የእናቱን ልማድ ወርሶ ዝም ይላል። «ሰንበት አዳናቸው ብለህ እንዳትጽፍ» አለችኝ ቆጣ ብላ፤ «ድብርት የያዘውን ሰው ወደ ሐኪም እልከዋለሁ፤ መድኃኒቱንም ሰንበት ጭምር ይውጣል። ሕይወት የሚያድን ነገር ሰንበትን ይሽራል። ሰንበት የሚሰጠው አብሮ የሚበላ ሰው ነው።» ይህን አነጋገሯን ወድጄዋለሁ።

ሦስት ከዋክብት ሲታዩ ሰንበትን የሚሸኝ አጭር ሥርዓት አለ። ወይን ይባረካል፣ የተገመደ ሻማ ይበራል፣ ሽቱ ያለው ነገር ይሸተታል። ሰው በሰንበት ተጨማሪ ነፍስ ይሰጠዋል፤ ሰንበት ሲወጣ ያቺ ነፍስ ስለምትለየው የቀረችው እንዳትደክም በሽቱ ትጽናናለች ተብሎ ይታመናል። በዚህ ቤት የሚሸተተው በረንዳ ላይ በጣሳ የተተከለ ጤና አዳም ነው። ሻማው ወይኑ ውስጥ ጠልቆ ጭስ ብሎ እንደ ጠፋ እማማ አንድ ደቂቃ አላባከኑም፦ «በሉ ቡና!» አሉ። ከዓርብ ጀምሮ የናፈቃቸው እሱ ነበር፤ ከሻማው ጭስ ጋር የተቆላ ቡና ጭስ ተቀላቀለ።

ከቡናው በኋላ ለቅሶ ቤት ሄድን። ከታች ባለው ሕንፃ አንድ ጎረቤታቸው አባቷ ሞቶባት ሰባቱን ቀን ተቀምጣ ነበር። መስታወቱ ተሸፍኗል፤ ሐዘንተኞቹ ዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ናቸው፤ የሸሚዛቸው አንገት በኩል ተቀዷል። እንግዳ የሆነብኝ ነገር በሰንበት ይህ ሁሉ በይፋ መቆሙ ነው፤ ዓርብ ማታ ከዝቅተኛው መቀመጫ ተነሥተው፣ ያልተቀደደ ልብስ ለብሰው ማዕድ ቀርበው፣ አሁን ሰንበት ሲወጣ እንደ ገና ወደ ኀዘናቸው ተመልሰዋል። የእኛም አገር ሰልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት አለው፤ ግን ከለቅሶ መካከል ተነሥ ተብሎ በሕግ ሲታዘዝ አላየሁም። ጠያቂ ሐዘንተኛው እስኪናገር ድረስ ዝም ብሎ መቀመጥ አለበት ይባላል፤ አሮጊቶቹ ግን ይህን ደንብ ከቁም ነገር ሳይቆጥሩት ሙሾውን በጎንደር ዜማ ያወርዱታል። እስራኤል የተወለዱት የልጅ ልጆች ጥግ ይዘው፣ ቃሉን ሳይረዱት፣ አብረው ያለቅሳሉ።

እሑድና ሰኞ፣ ኅዳር 21 እና 22፤ ጽፋት

ዕለቱ ኅዳር ጽዮን ስለነበር ከመነሣቴ በፊት በቃሌ የማውቀውን ያህል ጸለይኩ። ወደ ጽፋት የሚወስደው ጉዞ ከነመቀያየሩ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጅቶ አርባ ሼቅል ገደማ ፈጀ። ከተማዋ ከባሕር ወለል 900 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በገሊላ ተራራ ላይ ተቀምጣለች፤ ለጎንደር ሰው ከፍታ አይደለም፣ ብርዱ ግን አጥንት ይገባል። መንገዶቿ ደረጃዎች ናቸው፤ በሮቿ ሰማያዊ ተቀብተዋል። እ.ኤ.አ. በ1837 የመሬት መንቀጥቀጥ አፍርሷት እንደ ገና የተሠራች ናት።

ታዋቂ ያደረጋት ግን አስራ ስድስተኛው ምዕት ዓመት ነው። ከስፔን ከተሰደዱት ቤተሰቦች ወገን የሆኑት ረቢ ዮሴፍ ካሮ አይሁዶች ዛሬም የዕለት ሕይወታቸውን የሚመሩበትን የሕግ መጽሐፍ ያዘጋጁና እዚህ የኖሩ ናቸው፤ ረቢ ይስሐቅ ሉሪያ እ.ኤ.አ. በ1570 መጥተው፣ ሁለት ዓመት ያህል የምሥጢር ትምህርት አስተምረው፣ በ1572 በ38 ዓመታቸው አረፉ። በናታንያ የሰማሁትን የሰንበት መዝሙር የደረሱት ረቢ ሰሎሞን አልካቤጽም የዚህችው ከተማ ሰው ናቸው፤ እነዚህ ሰዎች ዓርብ ማታ ወደ ሜዳ ወጥተው ሰንበትን ይቀበሉ ነበር። ዛሬ ጎዳናው በሥዕል ሱቆችና በሻማ መሸጫዎች ተሞልቷል፤ ምሥጢሩም በቀይ ክር አምባር ታስሮ በአሥር ሼቅል ይሸጣል። ይህን ስል ክፋት የለኝም፤ ላሊበላም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም።

ያስተናገደኝ የጓደኛዬ የበኩር ልጅ ነው፤ ውትድርናውን ጨርሶ እዚያው ከተማ ኮሌጅ ይማራል። «ጋሼ» እያለ በተሰባበረ ግን ጨዋ አማርኛ ያጫውተኛል። ምሳ የመናውያን የሚጋግሩትን ላሁህ ጋበዘኝ፤ እንደ እንጀራ ዓይን ያለው፣ ከእኛ የወፈረና ያልኮመጠጠ ነው። አይቡን አስቀርተው በቲማቲምና በቅጠላ ቅጠል አጠፉልኝ።

ይህ ልጅ ከውትድርና ከወጣ በኋላ እንቅልፍ አጥቶ እንደነበር ከአባቱ ሰምቻለሁ። ሐኪም ዘንድ ለአንድ ዓመት ተመላልሷል፤ እዚህ ከመጣ ደግሞ በከተማው ካለው የብሬስሎቭ ሰፈር ካሉ ወጣቶች ጋር ተወዳጅቶ የረቢ ናሕማንን ልማድ ይዟል። ልማዱ ቀላል ነው፦ በየቀኑ አንድ ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊት፣ ሰው በሌለበት ሜዳ ወይም ጫካ ብቻን ሆኖ፣ ከመጽሐፍ ሳይሆን በራስ ቋንቋ፣ ከአምላክ ጋር ጮክ ብሎ መነጋገር። ሰኞ ማታ ከእሱ ጋር ከከተማው በላይ ወዳለው የቢርያ ጫካ ወጣሁ። በዚያው ጫካ በኩል ወደ አሙካ፣ ትዳር የዘገየባቸው ሰዎች ሊለምኑ ወደሚጎርፉበት የዮናታን ቤን ዑዚኤል መቃብር፣ የሚወስድ መንገድ ስላለ የመኪና መብራት አልፎ አልፎ ያልፈናል።

«ምን ትለዋለህ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«የቤት ኪራይ፣ ጋሼ። ፈተና። አንዳንዴ ደግሞ ያ ሌሊት» አለኝ፤ የትኛው ሌሊት እንደሆነ አልጠየቅኩትም። «ስጀምር በዕብራይስጥ ነው፤ ሲብስብኝ ወደ አያቴ አማርኛ እገባለሁ። ቃል ካጣሁ ቃል አጣሁ እለዋለሁ፤ እሱም ይቆጠራል።»

ሁልጊዜ ደስ ይበላችሁ የሚለውን የጭፈራውን ነገር ሳነሣበት ሳቀ። ረቢ ናሕማን ራሳቸው ልብ የሚሰበርበትን ጊዜ አልከለከሉም፤ የተሰበረ ልብ አንድ ነገር ነው፣ ትካዜ ሌላ ነገር ነው ይሉ ነበር አለኝ፤ ለተሰበረው ልብ በቀን የተወሰነ ሰዓት ስጠው፣ በዚያ ሰዓት አልቅስ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ግን ተነሥተህ በቀረው ቀን ደስ ይበልህ። እማማን፣ የዳቦውን ሰዓት፣ ዓርብ ማታ ከመቀመጫቸው የተነሡትን ሐዘንተኞች አሰብኩ። የናታንያዋ ማኅበራዊ ሠራተኛ እዚህ ብትኖር የሐኪሙን አንድ ዓመት እንዳልረሳ ታስጠነቅቀኝ ነበር፤ ልጁም ራሱ አልረሳውም፤ «ያለ እሱ እዚህ ጫካ ብቻዬን መቆም አልችልም ነበር» ብሏል።

ከዚያ ወደ ዛፎቹ ውስጥ ገብቶ ተለየኝ። ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ አይለይም። እኔም እንግዳ ብሆን አይከፋም ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሞከርኩ። አምስት ደቂቃ ያህል ተናግሬ ወሬ አለቀብኝ። ቀጥሎ ግን በዚያ ዓመት በእጄ ላይ ያለፉ ሕሙማን አንድ በአንድ መጡ፤ የአንዷን ስም መጥራት ከበደኝ። ልጁ ሲመለስ ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23፤ የመልስ መንገድ

ከጽፋት ወደ ኢየሩሳሌም የሚወርደውን አውቶቡስ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ያዝኩ። ፀሐይ 10 ሰዓት ተኩል አልፎ ስለምትጠልቅ የከሰዓት ጸሎት ሰዓት መንገድ ላይ ነው የሚደርሰው። ሾፌሩ ነዳጅ ማደያ አጠገብ ለእረፍት ለአሥር ደቂቃ ሲያቆም ጥቁር ኮት የለበሱት ወንዶች ከቆሻሻ መጣያው ጎን ተሰብስበው መቁጠር ጀመሩ። ለማኅበር ጸሎት አሥር ወንድ ያስፈልጋል፤ ዘጠኝ ናቸው። አንዱ ወደ እኔ መጥቶ አይሁዳዊ መሆኔን ጠየቀኝ። ክርስቲያን መሆኔን ስነግረው ይቅርታ ጠይቆ ወደ ሾፌሩ ዞረ። ሾፌሩ፣ እጁ ላይ ንቅሳት ያለው፣ ከጽፋት ጀምሮ በመንገዱ መጨናነቅ ሲራገም የመጣ ሰው ነው፤ መዘግየቱን በእጅ ሰዓቱ እያሳየ ለረጅም ጊዜ ተከራከረ። በመጨረሻ ሲጋራውን አጥፍቶ፣ ከመሪው ሥር አሮጌ የስፖርት ቆብ አውጥቶ ራሱ ላይ ደፍቶ ወረደና አሥረኛ ሆነ። ጸሎቱ ሲጀመር ሁሉም ፊታቸውን ወደ ደቡብ፣ ወደ ኢየሩሳሌም መለሱ፤ የጭነት መኪናዎች ጥሩንባ እየነፉ ያልፋሉ። ሾፌሩ ካሰበው በላይ ቆየ፤ ሌሎቹ ጨርሰው ሲሳፈሩ እሱ ገና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነበር።

ኢየሩሳሌም ስንደርስ ሃያ አምስት ደቂቃ አርፍደን ነበር፤ ወደ አየር ማረፊያ የምሳፈርበት ባቡር አመለጠኝ። ቀጣዩ እስኪመጣ በ18 ሼቅል ፈላፍል ገዛሁ፤ ሻጩ እንቁላል እንዳይጨምርበት ሁለት ጊዜ ነገርኩት።